ሕፃን ይዘን ስንሰለፍ መጠየቅ አንፈር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ አባት «ከአራት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ይዞ መዝናኛ ፓርክ መሄድ ገንዘብ መበተን ነው፤ ልጁ አያስታውሰው፣ ወላጁ አይዝናናበት» ሲሉ የጻፉትን አነበብኩ። ድካማቸው ገብቶኛል። ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ አንዱን ልጅ አዝሎ ሌላውን እየጎተቱ ውሎ፣ ማታ ሁሉም ተኮራርፎ ቤት መግባትን እኔም ቀምሼዋለሁ። መደምደሚያቸውን ግን ልቀበለው አልቻልኩም። እኛን የሚያደክመን ወረፋው ብቻ አይደለም። ሕፃን ለያዘ ሰው ተብሎ የተዘጋጀ፣ ያውም በነፃ የሚሰጥ ነገር እያለ ሳንጠይቅ እንቀራለን። የማንጠይቀው ደግሞ ስለምናፍር ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ወንዱ ልጄ ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ ታናሽ እኅቱ ገና ጡት ላይ ሳለች፣ ከምንኖርበት ከሜሪላንድ በመኪና ወደ አንድ ፓርክ ሄድን። ስሙን አልጠራውም። ልጄ ገና ከበሩ እንደገባ አንድ ቀይ ባቡር ዓይኑን ወሰደው። ሰሌዳው 45 ደቂቃ ይላል። የሕፃኗን ጋሪ ውጭ አቁሙ ተባልን፣ አቆምን። 45 ደቂቃው አለፈ፣ ሰባ ሞላ። ልጁ ውኃ ጠጣ፤ ሽንቱ መጣ፤ «ትንሽ ቻል» አልነው፣ ቻለ። ባቡሩ በአጠገባችን ባለፈ ቁጥር እጁን ያውለበልብለታል። ተራችን ደርሶ በሩ ላይ ስንቆም አንዲት ወጣት ሠራተኛ የመለኪያውን ዘንግ አመጣች። ሁለት ጣት ጎደለው። ልጄ የሚሆነው ነገር አልገባውም ነበር፤ አገጩን ቀና አድርጎ፣ እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ ቀጥ ብሎ ቆመላት። ደግማ ለካችው። ያው ሁለት ጣት። ያን ጊዜ አባቱን ሳይሆን እኔን ዞሮ አየኝ።

በሰልፉ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ላይ የሚለካ ሰው አለማቆማቸው ጥፋት ነው፤ ዛሬም ቢሆን እወቅሳቸዋለሁ። ነገር ግን የዚያን ዕለት ያየሁት ሌላም ነገር አለ። ከፊታችን የነበረ አንድ ሰውዬ ከባቡሩ ወርዶ ውጭ ስትጠብቀው ከነበረች ሚስቱ ሕፃን ተቀበላት፤ እሷም በጎን በኩል ባለው በር ቀጥ ብላ ገባች። ባለቤቴን «ይቺ ሴትዮ ሰልፍ ሰብራ ገባች» አልኩት። ሰልፍ አልሰበረችም። መብቷን ተጠቅማ ነው። ይህን ያወቅሁት ከወራት በኋላ ከሥራ ባልደረባዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕፃን የያዙ ወላጆች ተራ በተራ የሚሳፈሩበት አሠራር አለ፤ ከመዝናኛ ፓርክ ድርጅቶቹ ዲዝኒ «ራይደር ስዊች»፣ ዩኒቨርሳል ደግሞ «ቻይልድ ስዋፕ» ይሉታል። ቁመቱ ያልደረሰ ወይም መሳፈር የማይፈልግ ልጅ የያዘ ቤተሰብ ዲዝኒ ሲሄድ መግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ ልጁን አሳይቶ ይናገራል። አንደኛው ወላጅ በተለመደው ወረፋ ይገባል። ሌላው ከልጁ ጋር ጥላ ቦታ ይቀመጣል፣ ያበላል፣ ዳይፐር ይቀይራል። የመጀመሪያው ሲወጣ ልጁን ይረከብና ሁለተኛው ያንን ረጅም ወረፋ ሳይሰለፍ በአጭሩ መግቢያ ይገባል። በዩኒቨርሳል ቤተሰቡ አብሮ ይሰለፍና መሳፈሪያው አጠገብ ባለ ክፍል ውስጥ ይቀያየራል። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ዲዝኒ ወረፋ ማሳጠሪያ ብሎ ለብቻው የሚሸጠው «ላይትኒንግ ሌን» ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ግን ካልጠየቃችሁ ማንም መጥቶ ውሰዱ አይላችሁም።

እዚህ ላይ ነው የኛ ነገር የሚያሳስበኝ። እኛ ወረፋን የምናከብር ሰዎች ነን። ወላጆቻችን በደርግ ጊዜ ለዳቦና ለስኳር ተሰልፈዋል፤ እኛም አዲስ አበባ እያለን በታክሲ ሰልፍ ጀርባ ለጀርባ ቆመናል። ሰልፍ የሚሰብር ሰው ነውረኛ ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ ልክም ነው። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ጋ ሄዶ «ሕፃን ይዣለሁ፣ ምን ልታደርጉልኝ ትችላላችሁ?» ማለት ልመና ይመስለናል። ባለቤቴ «ተይው፣ ሰው ምን ይለናል» ይለኝ ነበር። እንግሊዝኛው የማይቀናቸው አያቶችና አዲስ መጤ ወላጆች ዘንድ ደግሞ ይሉኝታው እጥፍ ነው። ልጁ እያለቀሰ፣ እናቲቱ እያላባት፣ ዝም ብለው ይቆማሉ። ይሄ ሲያሳዝነኝ ይኖራል፤ ምክንያቱም የሚቆሙት ከማንም በላይ ጨዋ በመሆናቸው ነው።

ባለፈው ዓመት በሰመር ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ወዳለው ዲዝኒ ወርልድ ስንሄድ ነገሩን ከቤት ጀመርነው። ከመሄዳችን ሁለት ሳምንት በፊት ወንዱን ልጄን ጫማውን አድርጎ የኩሽናው በር መቃን ላይ አቁመን በእርሳስ ምልክት አደረግን፤ 39 ኢንች። ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ በሆነው በማጂክ ኪንግደም የሰባቱ ድንክዬዎች የማዕድን ባቡር 38 ኢንች ወይም 97 ሳንቲ ሜትር ይጠይቃል፤ ስፔስ ማውንቴን የሚባለው ፈጣን ባቡር ደግሞ 44 ኢንች፣ 112 ሳንቲ ሜትር። ሁለቱንም በሌላ ቀለም አሰመርንለት። «እስከዚህች ደርሰሃል፣ እዚህኛዋ ጋ ስትደርስ ደግሞ በዚያኛው ትሄዳለህ» አልነው። ልጁ በየጠዋቱ እየሄደ መቃኑ ላይ ጀርባውን ይለጥፍ ነበር። ስፔስ ማውንቴን በር ላይ ስንደርስ አንዲትም እንባ አልወጣችም። ራሱ ለሠራተኛዋ «የኔ መስመር ገና ነው» አላት፣ በአማርኛ። እሷ አልገባትም፣ ግን ፈገግ አለችለት።

ቁመት የማይጠየቅባቸው መጫወቻዎችም እዚያ ብዙ ናቸው። በራሪው ዝሆን ደምቦ፣ ፒተር ፓን፣ የዓለም ልጆች የሚዘምሩበት የጀልባ ጉዞ፣ የፈረሶቹ መሽከርከሪያ፤ ሴቷ ልጄ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሁሉንም በአባቷ ጭን ወይም በአጠገቡ ሆና አይታቸዋለች። የደምቦን ነገር ለየት አድርጌ ማንሳት እፈልጋለሁ። በ2012 ቦታውን አስፍተው ሲሠሩት አንዱን መሽከርከሪያ ሁለት አደረጉት፤ አጠገቡም አየር ማቀዝቀዣ ያለው ድንኳን ውስጥ የልጆች መጫወቻ ሠሩ። ልጆቹ እየተንሸራተቱ ሲጫወቱ ወላጅ ተራው ሲደርስ የሚጠራ ትንሽ መሣሪያ ይዞ እንዲቀመጥ ነበር የታሰበው። ይህን ያሰበ ሰው ልጅ ያሳደገ መሆን አለበት። ሕፃን መጠበቅ አይችልም የሚባለው ነገር ሙሉ እውነት አይደለም፤ ሳይንቀሳቀስ መጠበቅ ነው የማይችለው።

ይህንን ከማንም በላይ የምታውቀው እናቴ ናት። ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኛ ጋር ነበረች። እዚያ ጋሪ ወደ ወረፋ ውስጥ አይገባም፤ ብዙ ወላጅ የሚማረረው በዚህ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ሙሉ አሥራ ሁለት ኪሎ ልጅ በክንድ መያዝ ቀላል አይደለም። እናቴ ግን አንቀልባዋን ከሻንጣዋ አውጥታ ልጅቷን አዘለቻት። ፒተር ፓን ወረፋ ላይ፣ ያ የማያልቅ ሰልፍ ላይ፣ ልጄ የአያቷ ጀርባ ላይ ተለጥፋ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰዳት። ዙሪያችን የነበሩ ሦስት እናቶች አንቀልባውን ከየት እንደምንገዛው ጠየቁን።

ወንዱን ደግሞ እንቆቅልሽ ያዘችው። «እንቆቅልህ!» ትለዋለች፤ «ምን አውቅልህ!» ይላታል። መልሱ ሲጠፋው «አገር ስጠኝ» ስትለው ሜሪላንድን ሰጣት፣ ቀጥሎ ቨርጂኒያን፣ ቀጥሎ አዲስ አበባን። አንድ ጊዜ እናቴ «እንቆቅልህ» ስትል ከሁለት ረድፍ ፊት ለፊት አንድ የማናውቀው ወጣት «ምን አውቅልህ!» ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ ወረፋው እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም። ሰልፉ በብረት አጥር እየተጠማዘዘ የሚሄድ ስለሆነ እናቴ በየመታጠፊያው ከያዝነው ድፎ ዳቦ አንድ ቁራሽ ትሰጠዋለች፤ ልጁ ጊዜን በደቂቃ ሳይሆን በመታጠፊያ ይቆጥር ጀመር። «ስንት ደቂቃ ቀረ?» ሳይሆን «ስንት ዳቦ ቀረ?» ነበር የሚለው። (ቆሎ ይዤ ነበር፤ እሱን ለሁለቱም ከለከልኳቸው። ለዚህ ዕድሜ ልጅ ቆሎም ኦቾሎኒም ሊያንቅ ይችላል፤ ሰልፍ ላይ ሆኖ ደግሞ ልጁን ቶሎ ማየት ያስቸግራል።) በነገራችን ላይ ዲዝኒ ወርልድ ምግብ ከቤት ይዞ መግባት ይፈቅዳል፤ የጠርሙስ ዕቃና አልኮል አይሁን እንጂ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈጣን ምግብ ከሚሸጡት ቤቶችም አንድ ብርጭቆ የበረዶ ውኃ ሲጠየቅ በነፃ ይሰጣሉ። ይኸው፣ አሁንም ሲጠየቅ።

ገንዘብ መበተን ነው ለሚለው፣ ጸሐፊው አንድ ነገር የዘለሉ ይመስለኛል። ዲዝኒ ወርልድ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ትኬት አይቆረጥለትም። ለኛ በሚቀርበው በፔንሲልቬንያው ኸርሺ ፓርክም ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች ነፃ ነው። ስለዚህ ለታናሿ ያወጣነው ነገር የለም። ኸርሺ ፓርክ ልጆችን በቁመታቸው መድቦ ለየምድቡ የከረሜላና የቸኮሌት ስም ሰጥቶታል፤ መግቢያው አካባቢ አንዴ ይለኩና ልጁ የትኛው መጫወቻ እንደሚፈቀድለት ቀኑን ሙሉ ያውቃል። በየሰልፉ ጫፍ አንገት መድፋት የለም። ሁሉም ፓርክ እንዲህ ቢያደርግ ምን አለበት?

ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት አንድ ነገር አለ። «አንዴ ከፍለናል» ብለን ከመክፈቻ እስከ ርችት ሰዓት ልጅ ማንከራተት ልክ አይደለም። እኛ በሩ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት በፊት እንደርሳለን፤ ወረፋው አጭር የሆነው ያኔ ነውና ልጆቹ የሚወዱትን ያኔ ያያሉ። እኩለ ቀን ላይ ወጥተን ሆቴል እንተኛለን። የፍሎሪዳ ሰመር ከሰዓት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ መብረቅና ዝናብ ያመጣል፤ መብረቅ ሲመጣ ደግሞ ሜዳ ላይ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ፣ ሰው ሁሉ ቤት ውስጥ ወዳሉት ይጎርፋል፣ ወረፋውም ያኔ ነው የሚብሰው። እኛ ተኝተናል። ፀሐይ ሲበርድ እንመለሳለን። በሁለተኛው ቀን እናቴ እግሯን አሟት ሆቴል ስትቀር ባለቤቴ ወንዱን ይዞ በማዕድን ባቡሩ ሄደ፣ እኔ ከትንሿ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኋቸው፤ ሲመለሱ ልጅቷን ሰጥቼው በአጭሩ በር ገባሁ። ከእኔ በኋላ የሚሰለፍ አንድም ሰው በክፉ ዓይን አላየኝም።

ይህን የምጽፈው ለአውቶቡስ ጉዞ አዘጋጆችም ጭምር ነው። የቤተ ክርስቲያን ማኅበራትና ዕድሮች በየሰመሩ አውቶቡስ ተከራይተው ቤተሰቦችን ወደ ፓርክ ሲወስዱ ደስ ይለኛል፤ ልጆቻችን አብረው ማደጋቸው ነው። ነገር ግን የመመለሻው ሰዓት አንድ ብቻ ሲሆን፣ ያውም ማታ፣ ሕፃን የያዘች እናት ከሰዓት በኋላ መውጫ የላትም፤ ጋሪውን ስትገፋ ትውላለች። ሁለት አውቶቡስ ከተከራያችሁ አንዱ ከቀትር በኋላ ይመለስ። አንድ ብቻ ከሆነም ቅርብ ሆኖ ልጆች ገብተው የሚያርፉበት ቦታ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። በየዲዝኒ ፓርኩ የሕፃናት መንከባከቢያ ማዕከል አለ፤ ማጥቢያ ወንበር፣ ዳይፐር መቀየሪያ፣ ምግብ ማሞቂያ ያለበት ጸጥ ያለ ክፍል ነው። አብረውን ከሄዱት እናቶች አንዷ በሦስተኛው ቀን ነው መኖሩን ያወቀችው፤ ሁለት ቀን ሙሉ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆማ ስታጠባ ነበር።

ለዝግጅት ክፍሉ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፣ በግንቦት ወር አካባቢ፣ ዳያስፖራው የሚያዘወትራቸው ፓርኮች ለሕፃናት ያላቸውን ነፃ አገልግሎትና የቁመት ልክ በአማርኛ አንድ ገጽ ላይ አትሙልን። ያንን የወላጆች መቀያየሪያ አሠራር ለመጠየቅ የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፤ እሱም በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ከጎኑ ይውጣ፤ አያቶቻችን ቆርጠው ቦርሳቸው ውስጥ እንዲይዙት። ሠራተኛው ፊት ቆመው አፋቸው ቢያያዝ እንኳ ወረቀቱን ያሳያሉ። ትርጉሙን እኔ ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ እናቴም ዘንድሮ ስለምትመለስ በሷ እንሞክረዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ