ኤፒዱራል ሲሰጥ አታጣድፉን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ እኔ ሰመመን ሰጪ ነኝ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ በየቀኑ የምሰማት ጥያቄ አለች፣ «እስካሁን አልደነዘዘም እንዴ?» የምትል። ሰርጀኑ ታጥቦ ቆሟል፣ ታካሚውም ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል፣ ይገባኛል፣ ግን ኤፒዱራል፣ ማለትም በጀርባ በኩል በቀጭን ቱቦ የሚሰጠው ማደንዘዣ ላይ፣ ዋናው ነገር መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን አሰጣጡም ነው።

ስፓይናል የሚባለው ሌላው የጀርባ ማደንዘዣ ህብለ ሰረሰሩ ካለበት ፈሳሽ ጋር በቀጥታ ስለሚቀላቀል ትንሽ መድኃኒት በደቂቃዎች ያደነዝዛል። ኤፒዱራል ግን ህብለ ሰረሰሩንና ፈሳሹን ከያዘው ሽፋን ውጪ ነው የሚገባው፣ ወደ ነርቮቹ እስኪሰርግ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል፣ መጠኑም ብዙ ነው። እና ያ ሁሉ መድኃኒት ሳይታወቅ ደም ስር ከገባ ታካሚው ሊንቀጠቀጥ፣ ልቡም ሊቆም ይችላል፣ ሽፋኑን ካለፈ ደግሞ ድንዛዜው ወደ ላይ ወጥቶ ትንፋሽ ይከለክላል።

ለዚህ ነው መጀመሪያ የልብ ምት የሚያፈጥን አድሬናሊን ያለበት ሊዶኬይን የሚባል ማደንዘዣ 3 ሚሊ ሊትር ለሙከራ ሰጥተን ሞኒተሩ ላይ የምናፈጠው፣ የልብ ምቱ ወዲያው በ20 ምናምን ከዘለለ ደም ስር ውስጥ ሳንሆን አንቀርም። ከዛም ሲሪንጁን ወደኋላ ሳብ አድርጎ ማየት፣ 5 ሚሊ ሊትር ሰጥቶ መጠበቅ፣ ደግሞ 5። ሲሳብ ደም አልመጣም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ካቴተሩ (መድኃኒቱ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) የደም ስሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል።

አንዴ አንዲት እናት ሙከራው ላይ ምቷ ምንም አላለም ነበር፣ ሁለተኛውን 5 ስሰጣት ትንሽ ዝም አለችና «ጆሮዬ ይጮኻል፣ አፌን ብረት ብረት አለኝ» አለችኝ። ይሄ መድኃኒቱ ደም ስር የመግባቱ ምልክት ነው፣ እዛው አቆምኩ፣ ኦክስጅን አደረግኩላት፣ ቆይቶ ለቀቃት። 20ውን ባንዴ ገፍቼው ቢሆን ኖሮ ይቺን ለመናገር እንኳ ጊዜ አታገኝም ነበር፣ እስከዛሬ ድምጿ ጆሮዬ ላይ አለ።

ካቴተሩም ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ቢቀር ነው የሚሻለው፣ በጣም ከተገፋ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ግማሽ አካል ብቻ ይደነዝዛል። መጀመሪያ በመርፌው ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት ብዙ አየር ከተገፋም እንዲሁ ቦታ ቦታ ሳይደነዝዝ ሊቀር ይችላል፣ እኔ በአየር ፈንታ ሳላይን (የጨው ውሃ) ነው የምመርጠው።

እና ታካሚዎች፣ መድኃኒቱ ሲገባ ጆሯችሁ ከጮኸ ወይ ምላሳችሁ ከደነዘዘ ሳታፍሩ ወዲያው ንገሩን። ሰርጀኖችም እባካችሁ፣ መደንዘዙን ለማየት አልኮል የነካ ጥጥ ሆዱ ላይ እያስነካን «ይቀዘቅዝሃል?» ብለን እስክንጨርስ ቢላውን አታንሱብን።

አንድ ሰመመን ሰጪ