ደብዳቤ ለልጄ፦ ከመሃሏ ስለምትለያየው ጀልባ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽም ሰላምታዋን ታቀርብልሻለች። ባለፈው ስትደውዪ፣ ከዝዋይ ሐይቅ የውሃ ናሙና የምትቀዱበት ጀልባ የሰው በመሆኑ ሥራችሁ በባለቤቱ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚውል ነግረሽኝ ነበር። ሁለት ሰው የሚሸከማት፣ በመኪና ጣሪያ ላይ የምትጫንና ሐይቁ ዳር ደርሳ የምትገጣጠም ጀልባ እዚሁ ሱሉልታ፣ በግቢያችን ልሠራልሽ ወስኜ ንድፉን ጨርሻለሁ። ብሎኖቿን የምትፈቺውና የምታስሪው አንቺ ስለሆንሽ፣ እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደዚያ እንደተደረገ አውቀሽ እንድትይዣት እፈልጋለሁ።

የጀልባዋ ሙሉ ርዝመት 3 ሜትር ሲሆን፣ የፊተኛው ክፍል 1.40፣ የኋለኛው 1.60 ሜትር ነው። ገበያ ላይ ያለው ኮምፔርሳቶ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ባለ አንድ ወጥ ጀልባ ብሠራ ኖሮ ሁለት ቅጠል ጫፍ ለጫፍ መቀጠል ግድ ይሆንብኝ ነበር፤ እንዲህ ያለው ቅጥያ ደግሞ ጫፎቹ የውፍረታቸውን ስምንት እጥፍ ያህል በሰያፍ ተልገው ካልተጣበቁ አይታመንም። በሁለት ክፍል ስትሠራ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ከአንድ ቅጠል ይወጣል።

ንድፉን የጀመርኩት ከመጋጠሚያው ነው፤ ሌላው ሁሉ የመጣው ከእሱ በኋላ ነው። ሁለቱም ክፍሎች በመጋጠሚያው በኩል የየራሳቸው ሙሉ ግድግዳ ስላላቸው፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ውሃ ላይ ቢቀመጡ እንኳ ይንሳፈፋሉ። ስለዚህ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ውሃ ቢገባ አትደንግጪ፤ እዚያው ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ውሃ ሊገባ የሚችለው በብሎኖቹ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ለዚህም በሁለቱም ወገን የጎማ ሮንዴላ አደርግባቸዋለሁ። አንዱ ሮንዴላ እንኳ ተሰንጥቆ ካየሽው ሳትለውጪው ውሃ ላይ አትውጪ።

ብሎኖቹ አራት ናቸው፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። እናንተ መሃል ላይ ስትቀመጡ ክብደታችሁ ጀልባዋን ወደ ታች ስለሚያጎብጣት የመጋጠሚያው የታችኛው ጠርዝ ሊከፈት ይታገላል፤ ማዕበል ከሥር መሃሏን ሲያነሳት ደግሞ በተቃራኒው የላይኛው ጠርዝ ይከፈታል። ብሎኑ ላይ የሚያርፈው ጉልበት የሚቀንሰው በላይኛውና በታችኛው ብሎን መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ ነው። ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ከመረጥኩት 30 ሴንቲ ሜትር ጋር ሲነጻጸር እያንዳንዱ ብሎን ሦስት እጥፍ ጉልበት ይሸከም ነበር። የታችኞቹን ከውሃው መስመር በላይ ማድረግ ፍሳሽን ይከላከል እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔ ግን ጥንካሬውን መርጬ ከወለሉ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጌያቸዋለሁ። ፍሳሽን ጎማ ያቆመዋል፤ ለተሰበረ መጋጠሚያ ግን ሐይቅ መሃል መፍትሔ የለውም።

ስትጫን የፊተኛው ክፍል ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በኋለኛው ውስጥ ይቀመጣል። ይህ እንዲሆን ጀልባዋ እጅግ የምትሰፋበት ቦታ መጋጠሚያው ላይ መሆን የለበትም። መጋጠሚያው ላይ 1.10 ሜትር፣ ከዚያ 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሲኬድ 1.22 ሜትር አድርጌዋለሁ። የፊተኛውን ክፍል የጠርዝ ማጠናከሪያ እንጨት ከውስጥ፣ የኋለኛውን ግን ከውጭ አደረግሁት፤ ሁለቱም በአንድ ወገን ቢሆኑ ኖሮ ክፍሎቹ ይያያዙና አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም ነበር። 1 ለ10 በሆነ መጠን በካርቶን ሠርቼ ስሞክረው፣ ዙሪያውን ጣት የማያስገባ ክፍተት ትቶ ልክክ ብሎ ገባ፤ ደስታዬን እናትሽ ትነግርሻለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተቆረጡት ቅጠሎች ጠርዝ ለጠርዝ እየተገጠሙ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በተበሳ ቀዳዳ በመዳብ ሽቦ ይሰፋሉ፤ ከዚያም ስፌቱ ከውስጥ ደቃቅ ሰጋቱራ በተቀላቀለበት ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ ይሞላና የፋይበር ግላስ ጨርቅ ይለበጥበታል። እንግሊዛውያኑ ባሪ ባክኔልና ጃክ ሆልት የነደፏትና በ1963 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበችው ሚረር የምትባል ትንሽ ጀልባ ይህን ዘዴ በሰፊው አስተዋውቃዋለች። መስፋቱ ራሱ ግን እጅግ የቆየ ነው፤ በ1954 እ.ኤ.አ. በግብፅ በኩፉ ፒራሚድ አጠገብ የተገኘው ከ43 ሜትር በላይ የሚረዝም መርከብ 1,224 ቁራጭ ሆኖ ተፈታትቶ የተቀበረ ሲሆን፣ ጣውላዎቹ የተያያዙት በገመድ ተሰፍተው ነበር።

ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ሠርቶ በኋላ ለማጋጠም መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው፤ እንጨት ሲጣበቅ ትንሽም ቢሆን ይጣመማልና። እኔ ጀልባዋን እንደ አንድ ወጥ እሠራታለሁ። መሃሏ ላይ ሁለቱን ግድግዳዎች የመጋዝ ምላጭ በሚያሳልፍ ክፍተት ጎን ለጎን አቆምና፣ ሙጫ እንዳያያይዛቸው በመካከላቸው ላስቲክ አደርጋለሁ። የብሎኖቹንም ቀዳዳ በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ በአንድ ጊዜ እበሳለሁ። ሁሉም ከደረቀ በኋላ ብቻ በክፍተቱ ልክ ዙሪያዋን በመጋዝ እቆርጣታለሁ። እንዲህ የተለያዩ ክፍሎች ተመልሰው ሲገጠሙ ልካቸው ይጠበቃል።

ኮምፔርሳቶውን ስገዛ ከእያንዳንዱ ዓይነት ቁራጭ ለምኜ አምጥቼ ቀቅዬዋለሁ፤ በፈላ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ንብርብሩ የተላቀቀው ለጀልባ አይሆንም። እዚህ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ከተለመደው አስረዝሜ ነው የቀቀልኩት። የመረጥኩት 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ነው። ማጣበቁንም ክረምቱ ሳይገባ እጨርሰዋለሁ፤ ኢፖክሲ በብርድ በደንብ አይደርቅም፣ በእርጥበትም ፊቱ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ያወጣል። የሱሉልታን ሌሊት ታውቂዋለሽ፤ ስለዚህ የምለብጠው ፀሐይ ወጥታ ግቢው ሲሞቅ ነው።

ጀልባዋ ስታልቅ ወደ 40 ኪሎ ግራም እንደምትመዝን አስልቻለሁ። አንቺና ባልደረባሽ ከነዕቃችሁ 140 ኪሎ ብትሆኑ ጠቅላላው 180 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም የ180 ሊትር ውሃ ቦታ መያዝ አለበት ማለት ነው። ውሃው ላይ የሚያርፈው ስፋቷ 2.2 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ትጠልቃለች። የጎኗ ቁመት 40 ሴንቲ ሜትር ነውና በቂ ትርፍ አላት፤ ሆኖም ሦስተኛ ሰው አትጫኑ። በመቀመጫዎቹ ሥር በደንብ የተከደኑ ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካኖችን፣ በየክፍሉ ሁለት ሁለት፣ አስራለሁ። ውሃ ቢሞላባት እንኳ አራቱ ጀሪካኖች በድምሩ 80 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋሉ፤ እሷን ጨብጣችሁ ለመቆየት ይበቃችኋል። የሕይወት አድን ጃኬቱን ግን ጀሪካኑ አይተካውም።

የዝዋይ አማካይ ጥልቀት 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ለትንሽ ጀልባ ደግሞ ክፉው ማዕበል ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ናሙናችሁን በጠዋት ቅዱ፤ ሸምበቆው አጠገብም ጉማሬ አይጠፋምና ከዚያ ራቁ።

አሁን የቀረኝ ከአንቺ የምጠብቀው ልኬት ነው። ተደራርባ ስትታሰር 1.60 ሜትር ርዝመትና፣ ከጠርዙ እንጨት ጋር፣ ከ1.22 ሜትር ትንሽ የሚያልፍ ስፋት ይኖራታል። የመሥሪያ ቤታችሁን መኪና ፖርቶመጋላ ርዝመትና ስፋት፣ እንዲሁም ከመሬት ያለውን ከፍታ ለክተሽ ቅጠሎቹን ሳልቆርጥ ላኪልኝ፤ ስፋቱ ካልበቃ አሁን ወረቀት ላይ ማጥበብ እችላለሁ።

አባትሽ