ጠዋት ከስልኩ በፊት

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ሰሞኑን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እጄ የሚቀድመው ወደ ስልኬ ነበር። ዜናው፣ ቪዲዮው፣ ያልተነበበው መልእክት። ለጸሎት ስንበረከክ ጭንቅላቴ ሞልቷል፣ ልቤ ግን ባዶ ነው።

ማርቆስ 6፥31ን ያነበብኩት በዚህ መሃል ነው። መጪና ሂያጁ ከመብዛቱ የተነሳ ደቀ መዛሙርቱ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ አጥተው ነበር። ጌታ ግን «ጨምሩ» አላላቸውም፤ ለብቻቸው ሆነው ጥቂት እንዲያርፉ ጠራቸው። እሱም ገና ሳይነጋ ተነስቶ ብቻውን ጸልዮአል። ይሄ ልቤን ነካው።

አሁን ማታ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። ጠዋት አንድ መዝሙረ ዳዊት ድምፄን አውጥቼ፣ ቀስ ብዬ አነባለሁ። መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። አሁን ጸሎቴን እናፍቀዋለሁ።

እባካችሁ በዚህ ሳምንት አብረን እንሞክረው፤ ከጠዋት ጸሎት በፊት ወደዚህ ግሩፕ ምንም አንላክ። አስቸኳይ ነገር ያለው ይደውል።