የጥዱን አናት ለገና አትቁረጡት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር መጥረቢያ የያዙ ወጣቶች በሬን ያንኳኳሉ። «እማማ፣ ጫፉን ብቻ! እኛው ወጥተን እንቆርጣለን፤ እንከፍልዎታለን» ይላሉ። እነሱንስ መልሼ እሰዳለሁ። ዘንድሮ ግን የተማረና የተከበረ ጎረቤቴ የገዛ ጥዱን አናት ለገና ዛፍ አስቆረጠ። አጥር ለአጥር ነንና እዚያ ዝም አልኩ፤ እዚህ ግን ልናገር።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በችግኝ ጣቢያ ነው። የሐበሻ ጥድ አይቸኩልም፤ ከሜክሲኮ የመጣው የፈረንጅ ጥድ ጣሪያ ሲያልፍ የእኛው ገና አጥሩን አልደረሰም። ለአንድ ሳምንት ጌጥ የሚቆረጠው ጫፍ የስንት ዓመት ዕድገት መሰላችሁ! አናቱ ሲሄድ ከሥሩ ያሉት ቅርንጫፎች ሁለትም ሦስትም ሆነው ወደ ላይ ይሽቀዳደማሉ። መጋጠሚያቸው ደካማ ነው፤ በቁስሉም የክረምት ውኃ ይገባል። አንድ ቀን ነፋስ ሰንጥቆ ቆርቆሮው ላይ ሲጥለው ጥፋተኛው ዛፉ ይሆናል፤ «ድሮም ጥድ ቤት አጠገብ አይተከልም» ይባላል። አናቱ አስቀድሞ የተቆረጠበት ሰው ከአዲሶቹ ጫፎች ቀጥ ያለውንና ጠንካራውን መርጦ ይተው፤ ሌሎቹን ገና ቀጭን ሳሉ ያስወግድ።

ለበዓሉ የግድ ካስፈለገ ከጎን አንድ ቅርንጫፍ ይበቃል፤ እሱም አረንጓዴ ቅጠል ካለበት ላይ ይቆረጥ። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ቅጠል በሌለው እንጨት ላይ ከተቆረጠ ቦታው ራቁቱን ይቀራል። ደግሞስ ዛፉ በቆመበት መብራት ቢንጠለጠልለት ምን ነውር አለው?

ግቢ ማሳመር እየተባለ ግንዱ ሥር ድረስ ሲሚንቶ ማፍሰስም አለ። ሥሩ አየርና ውኃ ከየት ያምጣ? ቢያንስ አንድ ሜትር አፈር ዙሪያውን ተዉለት።

አዲስ ለመትከል ያሰበ ሰው ሐምሌን ይጠብቅ፤ ከቤቱ ግድግዳና ከመብራት ሽቦም ይራቅ። ችግኙ የመጣበት ፕላስቲክ ተቀዶ ይውጣ፤ ከነፕላስቲኩ የሚቀብሩትን ስንቱን አይቻለሁ! በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፈን አድርጎ፣ አፈሩ ሲደርቅ በደንብ ማጠጣት ነው፤ በየቀኑ አንድ ጆግ እየደፉ መሄድ ከላይ ያለውን አፈር ብቻ ያርሳል።

አንዲት ጡረተኛ
ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ