ሸክላውን አትሸከሚ፣ ጫፉን ቁረጪ

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? በስልክ ስጠይቅሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ ስለምታልፊኝ ነው በጽሑፍ የደገምኩት።

ዋናው ጉዳዬ ግን አበቦችሽ ናቸው። ብርዱ እየመጣ ነው። ያን ሁሉ ሸክላ አንድ በአንድ ተሸክመሽ ቤት ልታስገቢ እንደምትነሺ አውቃለሁ። ተይ እማዬ። ሁሉም አይድንም፤ የሚድነውም ቢሆን እንዳለ መግባት የለበትም።

ዚኒያውና የሱፍ አበባው ጊዜያቸውን ጨርሰዋል። አበቡ፣ ዘር ሰጡ፣ በቃ። ዘራቸውን ፈልፍለሽ በወረቀት ጠቅልዪና ተያቸው። ጄራኒየም፣ ኮሊየስና ቤጎንያ ግን ሌላ ናቸው። የአንድ ዓመት አበባ እየተባሉ ይሸጣሉ እንጂ ውርጭ በሌለበት አገር ዓመት ከዓመት ይኖራሉ። ጄራኒየምሽ ዘሩ ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ የሚገድለው ውርጩ እንጂ ዕድሜው አይደለም። ልፋትሽን ለእነዚህ አድርጊው።

ውርጩ እስኪጥል ግን አትጠብቂ። ኮሊየስ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ገና ያኔ ይከፋዋል። ከጤነኛ ቅርንጫፍ ጫፍ 10 ሴንቲሜትር ያህል፣ ልክ ከአንጓው ሥር ቁረጪ። የታችኛውን ቅጠል አራግፊ፤ እምቡጥ ካለውም ሳትሳሺ ቀንጥሺው፣ አለዚያ ጉልበቱን ሁሉ እሱ ይወስደዋል። ኮሊየሱን ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ብታቆሚው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ከአንጓው ነጫጭ ሥር ሲወጣ ታያለሽ። ጄራኒየምን ግን ውሃ ውስጥ አትንከሪው፣ ሊበሰብስ ይችላል። የተቆረጠው ቦታ ለጥቂት ሰዓት ይድረቅና አሸዋ በተቀላቀለበት፣ እርጥበቱ መጠነኛ በሆነ አፈር ውስጥ ሰኪው። አንድ መስኮት ሥር የአትክልት ቦታሽ ግማሽ ይገባል።

ከዚያ ከትልቁ ቀይ ጄራኒየም መለየት እንደማትፈልጊ አውቃለሁ። እሺ፣ እሱ እንዳለ ይግባ። ግን ግማሽ ቁመቱ ይቆረጥ። የቅጠሎቹንም ሥር ገልበጥ አድርገሽ እዪ። ክሽክሽና ነጭ ዝንብ እዚያ ነው የሚደበቁት፤ አንዴ ቤት ከገቡ ሌላውን ሁሉ ይወርሩታል። ለስለስ ባለ የሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል።

አሁን አትቆጪኝና፣ ውሃ ታበዢያለሽ። እንግዳ «ጠገብኩ» እያለ እንደምትጨምሪለት ለአበባም እንደዚያው ነሽ። ብርሃን ሲያንስ እድገታቸው ስለሚዘገይ ውሃውን አይጨርሱትም፤ ሥራቸው ይበሰብሳል። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ሰደድ አድርጊ፤ ደረቅ ካልሆነ ጆጉን አስቀምጪው። ማዳበሪያም አዲስ ቅጠል ማውጣት እስኪጀምሩ ይቆይ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ቀዩን ሸክላ እኔ አነሳዋለሁ፤ መቀሱን በአልኮል ጠርገሽ ጠብቂኝ።

ልጅሽ