ግድግዳው ሳይቆም እንመካከር፦ ለጋራ የንድፍ መመካከሪያ ዕቃዎች የድጋፍ ጥሪ

ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም የጋራ መኖሪያ ሊሠራ ሲታሰብ፣ የሚገለገሉበት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት ፕላኑ ካለቀ በኋላ ነው። ወረቀቱ ይዘረጋል፣ አርክቴክቱ ያብራራል፣ ተሰብሳቢው ራሱን ይነቀንቃል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። ሕንፃው ሲያልቅ ግን አልጋ የማያስዞር ኮሪደርና የውኃ መስመር ያልደረሰው የጽዳት ክፍል ይገኛል። ሰዎቹ ሐሳብ አጥተው አይደለም። በ1፡100፣ ማለትም ከእውነተኛው መጠን መቶ ጊዜ አንሶ፣ የተሣለ ፕላን ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ያልገባውን ሰው ደግሞ በጉባኤ መካከል «አልገባኝም» ማለት ያሳፍረዋል።

ስለዚህ ሕንፃ ሊያሠራ የተነሣ ማንኛውም ማኅበረሰብ እየተዋሰ የሚጠቀምባቸው ሦስት ሙሉ የመመካከሪያ ዕቃዎች ስብስብ እያዘጋጀን ነው። ዝርዝሩ አልቋል። የጎደለው ቁሳቁሱ፣ የእጅ ሙያውና ማጓጓዣው ነው።

አንዱ ስብስብ 30 ሰዎች በአምስት ጠረጴዛ፣ ስድስት ስድስት ሆነው የሚሠሩበት ነው። በየጠረጴዛው 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮምፔርሳቶ መደብ ይቀመጣል። 122 በ244 ከሆነ አንድ ኮምፔርሳቶ ስድስት መደብ ይወጣል፤ ስድስተኛው የአምስቱ ጠረጴዛዎች ሐሳብ የሚዋሐድበት ነው። ውፍረቱ ከ9 ሚሊ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ የሳሳው ቶሎ ይጣመማል። የሞዴሉ ግድግዳዎች ከ5 ሚሊ ሜትር ፎም ቦርድ (በወረቀት የተሸፈነ ቀላል የፎም ሰሌዳ) ይቆረጣሉ። በ1፡50 ልኬት 5 ሚሊ ሜትር ማለት 25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሁለቱም በኩል የተለሰነ ባለ 20 ብሎኬት ግድግዳ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቁመታቸው ግን 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እውነተኛውን ቁመት፣ ማለትም 6 ሳንቲ ሜትር፣ ብንሰጣቸው ጠባብ ክፍል ውስጥ ጣት አይገባም፣ ዓይንም አይደርስም። በኮላ አይጣበቁም፣ በስፒል ይያዛሉ። የተወለወለ ሞዴልን ሰው ያደንቀዋል እንጂ ደፍሮ አይነካውም፤ እኛ የምንፈልገው የሚነቃቀል ሞዴል ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ስሕተት የልኬት መደባለቅ ነው። በ1፡100 የተቆረጠ የሞዴል አልጋ በ1፡50 መደብ ላይ ቢቀመጥ ክፍሉ እጥፍ የሰፋ ይመስላል፤ ጠባቡም ክፍል በደስታ ይጸድቃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቁራጭ ሥር ልኬቱ ይጻፋል። 90 በ200 ሳንቲ ሜትር የሆነው አልጋ 1.8 በ4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከሁሉም የምንወደው ግን ቀላሉን ቁራጭ ነው፦ ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ካርቶን። በ1፡50 የ1.5 ሜትር መዞሪያ ነው፤ ዊልቸር ተሽከርክሮ የሚመለስበት ቦታ። ክቡ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ካልተኛ ክርክር አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚመጣው የ1፡1 ሙከራ ነው። ክፍሉ በእውነተኛ መጠኑ ወለል ላይ በወረቀት ፕላስተር ይሠመራል። እዚህ ላይ የግድግዳው ሁለቱም ፊት መሠመር አለበት፤ በአንድ መስመር ብቻ የሚሠመር ግድግዳ ውፍረት ስለሌለው ከክፍሉ ላይ የማይገኝ ቦታ ያበድራል። ባለ 3 በ4 ሜትር ክፍል ውስጡ 14፣ ውጩ 16 ሜትር ይፈጃል፤ ስለዚህ ባለ 50 ሜትር አንድ ጥቅል ለአንድ ክፍልና ለበሮቹ መክፈቻ ይበቃል። ሜዳ ላይ በኖራና በሲባጎ ብቻ የተሠመረ ክፍል ግን ከእውነቱ አንሶ ይታያል፤ ሰው አይቶት ይደነግጥና «አስፉልን» ይላል። መፍትሔው ቋሚ ነገር ማቆም ነው። ለዚህ በየስብስቡ ስምንት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ አለ፤ ሁለቱ የበር ክፍት የተቆረጠላቸው ናቸው። አንዱ ወደ 20 ኪሎ ስለሚመዝን ሁለት ሰው ይሸከመው፣ ከሥሩም የሦስት ማዕዘን ድጋፍ ይኑረው፤ ያለ ድጋፍ የቆመው በክርን ተገፍቶ ሰው ላይ ይወድቃል። ራምፕም በዚሁ ይፈተናል፦ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በ1፡12 ተዳፋት (ለአንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ርዝመት) 5.4 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ከላይና ከታች 1.5 ሜትር ማረፊያ ሲጨመር 8.4 ይሆናል። ይህን ርዝመት በእግሩ የለካ ሰው ራምፑን «መጨረሻ ላይ እናስገባዋለን» አይልም።

ዕቃው ብቻውን ግን ምክክር አያደርግም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 አሜሪካዊቷ የዜጎች ተሳትፎ ጸሐፊ ሼሪ አርንስታይን የዜጎችን ተሳትፎ በስምንት ደረጃ መሰላል ስታስቀምጥ፣ ማማከርን በይስሙላ ተሳትፎ ውስጥ የመደበችው የተሰማው ሐሳብ ለመተግበሩ ዋስትና ስለሌለው ነው። በእያንዳንዱ ስብስብ የሚገቡት ባለ ሦስት ቀለም ካርዶች ለዚሁ ናቸው፦ የተወሰነ፣ ክፍት የሆነ፣ መሐንዲሱ ብቻ የሚወስነው። የዓምድ ውፍረት በእጅ ብልጫ አይወሰንም፤ ይህንንም ከመነሻው መናገር ይገባል። መዝገብም አለ፦ የተነሣው ሐሳብ፣ ተቀባይነቱ፣ ካልተቀበሉት ምክንያቱ፣ መልሱ ለተናጋሪው የደረሰበት ቀን። የመዝገቡን የመጨረሻ ዓምድ ብዙ ሰው ባዶ ይተወዋል፤ ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ሰው የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማንን መጥራት እንደሚገባ በተለይ እናሳስባለን። ኃላፊዎች ሳይጠሩም ይመጣሉ። የሚረሱት ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ጥበቃው፣ ምግብ አብሳዩ፣ የሌሊት ተረኛዋ ነርስና ታንከሩን የሚጠግነው ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። እነሱ ባሉበት ለመድረስ ዕቃው መጓዝ አለበት። በእንግሊዝ ኒውካስል የባይከር ሰፈር እንደ አዲስ ሲነደፍ የአርክቴክቱ የራልፍ ኧርስኪን ቡድን ቢሮውን የከፈተው እዚያው ሰፈሩ ውስጥ፣ ቀድሞ የቀብር አስፈጻሚ በነበረ ቤት ነው። እኛ ቢሮ አንከፍትም፤ ሣጥን ግን እንልካለን።

ለሦስቱ ስብስቦች የምንፈልገው ይህ ነው፦ 3 ባለ 9 እና 24 ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ፣ 30 ጥቅል የወረቀት ፕላስተር፣ 6 ባለ 5 እና 3 ባለ 30 ሜትር መለኪያ፣ 15 ካተር ከነመለዋወጫ ምላጩ፣ 3 ያገለገሉ ግን ጎማቸው ደህና የሆነ ዊልቸሮች፣ እንዲሁም ሽፋናቸው የሚቆለፍ ሣጥኖች። ፎም ቦርድ የተረፈ ቁራጭም ቢሆን እንቀበላለን፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን እንጂ። መጋዝ ያለው አናጺ የሁለት ቀን ጉልበት ቢሰጠን ኮምፔርሳቶው ሁሉ ይቆረጣል። ዊልቸር የሚጠቀሙና ማየት የተሳናቸው ሰዎች ስብስቡን ከማንም በፊት እንዲፈትኑልን እንሻለን።

ገንዘብ የሚሰጥ ካለ ለማጓጓዣና ላለቀ ፕላስተር መተኪያ ብቻ ይውላል፤ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ወጪውም በሁለት ፊርማ ነው። ከተቋራጮችና ከቁሳቁስ አቅራቢዎች እንቀበላለን፤ ምርታቸው በሞዴሉ ውስጥ እንዲታይ የሚጠይቁትን ግን እያመሰገንን እንመልሳለን።

ለመስጠት ያሰቡ ዕቃውን፣ ብዛቱንና ውፍረቱን ወይም ስፋቱን ጽፈው ለአስተባባሪዎቹ ያሳውቁ። ቀድመው የሚቆረጡት መደቦቹ ስለሆኑ ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ ኮምፔርሳቶ ቢቀድምልን ሥራውን እንጀምራለን። ዓምዶቹ ገና ያልተወሰኑበት ሕንፃ ያላችሁ ማኅበረሰቦችም ከአሁኑ ተራ ያዙ፤ መሠረት ለተቆፈረለት ግን ስብስቡን አናውስም።