ምስጋና፦ በሕመሜ ወራት ላልተለያችሁኝ ሁሉ

ውድ ወገኖቼ፣

በብርዱ ወራት የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አልደግመውም። ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቋል። ቤቴ ገብቻለሁ። ድምፄ ግን ገና አልጠናም። ስለዚህ በእሁዱ የሬዲዮ ፕሮግራማችን ልላችሁ የሚገባኝን በጽሑፍ እላችኋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከቤተሰብ ልጀምር፣ ወደ ሐኪሞቹ ልለፍ፣ ከዚያ ወደ ሕዝቡ ብዬ ነበር። አልሆነልኝም። አንድ እናት ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። እሳቸውን ሳላመሰግን ወደ ሌላው ማለፍ አቃተኝ።

ስማቸውን አልጽፍም። «ስሜን ካየሁት ደጃፍህን አልረግጥም» ብለውኛል፤ ያሉትን ደግሞ ያደርጉታል። እኔ እትዬ ነው የምላቸው።

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ መጽሔታችንን ስንጀምር እትዬ መሃል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበሩ። ጽሑፉን የሚያርሙት እዚያች ጠባብ ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብለው ነው። መኪና ሲመጣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ያደርጉታል፣ ሒሳብ ይቀበላሉ፣ መልሰው ያነሱታል። ያኔ አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ ራሱ ፈተና ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደላት ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም በየራሱ ሶፍትዌር ይጽፍ ስለነበር፣ እኔ ጋ ያማረው ገጽ ማተሚያ ቤት ሲደርስ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይገኛል። በሌሊት ለእትዬ እደውላለሁ። ሺፍታቸውን ጨርሰው፣ እግራቸው አብጦ ይመጣሉ። እንደገና ከሀ እስከ ፐ ይለቅሙታል። በቀይ እስክሪብቶ ገጹ ዳር የጻፉልኝን ዛሬም አስቀምጫለሁ፦ «ይሄን እናትህ አትረዳውም። አቅልለው።» መጻፍ የተማርኩት ከሳቸው ነው።

የዲሲ የቋንቋ ሕግ ሲነሳ ሁልጊዜ እኔን ታመሰግናላችሁ። ምስጋናው የእትዬ ነው። አንድ ቀን በአንድ ቢሮ ወረፋ ይዘው ሳለ፣ አንድ ትንሽ ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም ሰሙ። ወረቀቱ ቤት ልቀቁ የሚል ነው። ልጁ ግማሹን ተረጎመ። ግማሹን እናቱ እንዳታለቅስ ብሎ ዋጠው። እትዬ ከዚያ በቀጥታ እኔ ጋ መጡ። «ልጅ እንዲህ ያለ ነገር መሸከም የለበትም። ጻፍ» አሉኝ። ጻፍን። በየእትሙ ጻፍን። ከስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ፣ ከቻይናዎቹ፣ ከቬትናሞቹና ከኮሪያዎቹ ጋር ሆነን የከተማውን ምክር ቤት ደጅ ጠናን። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡና ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን እንዲያስተረጉሙ ግዴታ ተጣለባቸው። አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ሆነ። ምክር ቤቱ ፊት ቀርቤ ያነበብኩትን ምስክርነት በአማርኛ የጻፉት እትዬ ናቸው። እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። እሳቸው ሺፍት ስለነበራቸው በዚያ ቀን እንኳን አዳራሹ ውስጥ አልተገኙም።

ይህቺ ሴት ማይክ ፊት ቆመው አያውቁም። ስንት ጊዜ ለመንኳቸው! «እኔ እርማት ነው ሥራዬ» ይሉኝ ነበር። እኔ አልጋ ላይ ስውል ግን የእሁዱን ፕሮግራም ማን ይክፈት ተባለ። የአየር ሰዓቱ በኪራይ ነው፤ አንድ ሳምንት ካለፈ ለሌላ ይሰጣል። እትዬ ተነሡ። ሆስፒታል ሆኜ ልጄ ስልኳን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። «እንደምን ሰነበታችሁ» ሲሉ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀና አለ። የሐዘን ማስታወቂያውን እንደ ዘመድ ሆነው አነበቡት። የሟቹን አገር፣ የእናቱን ስም፣ ልቅሶው የሚቀመጥበትን ቤት ሳይቸኩሉ ተናገሩ። እኔ እንደዚያ አንብቤው አላውቅም።

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ማቆም ነበረብኝ። ወደ ሌሎቻችሁ ልምጣ።

የታክሲ ሹፌሮች! እ.ኤ.አ. በ2008 ሒሳብ በዞን መቁጠር ቀርቶ ሜትር ሲገባ ስልካችንን ያጨናነቃችሁ እናንተ፣ ዘንድሮ ሐኪም ቤት ስታመላልሱኝ ሜትሩን አንድ ቀን አልከፈታችሁም። ዘመናችሁ ይባረክ። የዘጠነኛው መንገድ ባለ ሬስቶራንቶች፣ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ነጋዴዎች፣ እድርተኞች፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ ካህናትና በዱዓ ያሰባችሁኝ ሼኾች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጎፈንድሚ ላይ ስማችሁን ሳትገልጹ የሰጣችሁ ብዙዎች ናችሁ። ከሕክምናው የተረፈውን ለእድሩ አስረክበናል። ሐኪሞቼና ነርሶቼ ይህን ባያነቡትም ልጆቼ ይነግሯቸዋል።

አንድ ነገር ግን በአንድ መስመር ማለፍ አልፈልግም። የዘጠነኛው መንገድ አካባቢ የሆኑት የሾውና የዩ ስትሪት ሰፈሮች ነባር ጎረቤቶቼ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ወንድሞቼና እህቶቼ። ነዋሪው መርጦ ከተማውን ስለ ሰፈሩ እንዲያማክር ለሚያቆመው ለሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ስወዳደር ለዕጩነት የሚያስፈልገው የ25 መራጮች ፊርማ ነው። ከራሳችን ሰዎች ብቻ መሙላት እችል ነበር። እትዬ ናቸው «የሐበሻ ፊርማ ብቻ ይዘህ የሰፈሩ ተወካይ ነኝ አትበል» ያሉኝ። አብረን በራችሁን አንኳኳን። እ.ኤ.አ. በ2005 ዘጠነኛው መንገድ «ሊትል ኢትዮጵያ» ይባል የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ከእናንተ ብዙዎች ተቃውማችሁ ነበር። ያኔ ከወገኖቼ የተቀየመ ነበር። እኔ ግን እውነት ነበራችሁ እላለሁ። ይህ በጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃና መድረክ ገንኖ ብላክ ብሮድዌይ የተባለ ሰፈር ነው። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ሄዶ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን የተቀበለው ያው ዱክ። ከእናንተ ጋር ተቀምጦ መነጋገርን ያስተማረኝ ያ ጠብ ነው። ኮሚሽነርነት ደመወዝ የለውም፤ ዘመኑም ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ግን የመጠጥ ፈቃድ፣ የግንባታና የመንገድ ጉዳይ ሲመጣ ከተማው የኮሚሽኑን ቃል ክብደት ሰጥቶ እንዲያይ ሕጉ ያዘዋል። ያንን ቃል እንድናገር የመረጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። ዘንድሮም በረዶ ሲጥል ደጃፌን ጠርጋችሁ ነው ያደራችሁት። ባለቤቴ ማን እንደሆነ ለማየት በጠዋት ተነሥታ ነበር፤ ቀድማችኋት ሄዳችኋል።

ባለቤቴ፣ ላንቺ የምለውን እዚህ አልጽፈውም። ቤት እነግርሻለሁ። ልጆቼ፣ በርቱልኝ።

ስማችሁን ወይም ማኅበራችሁን ያልጠራሁ፣ እባካችሁ እንዳትቀየሙኝ። ደውላችሁ ያላነሳሁት ስልክ፣ መጥታችሁ ተኝቼ የተመለሳችሁበት ቀን ብዙ ነው። ከኦሃዮ፣ ከሚኒሶታ፣ ከአዲስ አበባ መልእክት የላካችሁልኝን ሁሉ ቀስ እያልኩ እያነበብኩ ነው። መልስ ቢዘገይባችሁ ረስቼ አይደለም።

በመጨረሻ፣ ምግብ ያመጣችሁበት ድስት፣ ሰሃንና ሞሰብ ታጥቦ ሳሎን ተደርድሯል። ስም ያልተለጠፈበት ይበዛል። አንድ ትልቅ ሰማያዊ ክዳን ያለው ድስትም አለ፤ ባለቤቱን ሁሉንም ጠይቀን አጥተናል። እሁድ ከፕሮግራሙ በኋላ ቤት ነን። እየመጣችሁ ውሰዱ፤ ቡናውም ይፈላል።

አክባሪያችሁ